መንታ ያጣው ካርድ

ባለፈው ሰሞን አንድ ካርቶን የልብስ ሳሙና ገዝቼ ገብቼ ስከፍተው ያ ሽታ ፊቴ ላይ መጣብኝ። ዛሬ ሳሙናው ሁሉ ሎሚ ሎሚ፣ አበባ አበባ ካላለ የሚገዛው የለም፤ ይኼኛው ግን ማን እንደሠራው እንጃ፣ እንደ ዱሮው ሳሙና ሳሙና ነበር የሚለው፣ አፍንጫን ቆንጠጥ አድርጎ ዓይን የሚያስጨፍነው ዓይነት። እጄን ካርቶኑ ውስጥ እንደከተትኩ ቀረሁና አፌ እኔን ሳያማክር «ግመል» አለ። የልጄ ልጅ ቤቲ ወለሉ ላይ ከተቀመጠችበት ቀና ብላ፣ አያቴን ዛሬ ምን ነካት በሚል ዓይን አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሥራዋም ቀላል አልነበረም። እናቷ የገዛችላትን የሥዕል ካርዶች ምንጣፉ ላይ በጀርባቸው ደርድራ፣ አንዱን እየገለጠች ጓደኛውን ትፈልጋለች። ካርዶቹ ያብረቀርቃሉ፣ ልጅ እንዳይቆርጡ ተብሎ ጠርዛቸው ክብ ተደርጓል፤ ፔንግዊኑም፣ አናናሱም፣ ሄሊኮፕተሩም አንድ ዓይነት ሽታ ነው ያላቸው፣ ማለትም ምንም አይሸቱም። የእኛዎቹ ይሸቱ ነበር። ግመል ሳሙና ይሸታል፣ መርከብ ሻይ ቅጠል ይሸታል፣ አውራ ዶሮ ክብሪት ይሸታል። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ ዓይኔን በጨርቅ አስራችሁ ብታቀርቡልኝ በአፍንጫዬ ብቻ መንታ መንታውን የማገናኝ ይመስለኛል።

ጉለሌ ነው ያደግሁት፣ ከዊንጌት ወደ ሸጎሌ በሚወስደው መንገድ ዳር። ዘመኑ የደርግ ነበርና ቀበሌያችን ከአዳራሹ ጀርባ አንዲት የጭቃ ክፍል ኖራ ቀብቶ መዋዕለ ሕፃናት ብሏት ነበር። ከፊት ለፊት ስብሰባ አለ፣ ከጎን የኅብረት ሱቅ ሰልፍ አለ፣ ከጀርባ እኛ አለን። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እዚያችው ክፍል ውስጥ እናቶቻችን መሠረተ ትምህርት ይማራሉ፣ በእኛ ትንንሽ አግዳሚዎች ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሶ። ጠዋት ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ በበሩ ስንጥቅ እየገባ እግራችንን ያደነዝዘናል፤ ክረምት ሲሆን ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አስተማሪያችን አፋቸው ሲንቀሳቀስ እንጂ ድምፃቸው አይሰማንም፣ እኛም የሚሉትን ከአፋቸው እያየን እንደግማለን።

አስተማሪያችን እትዬ ብርቄ ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከዚያ ቅጥነት የማይጠበቅ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ሴት ነበሩ። የአጭር ጊዜ ሥልጠና ላይ ልጅ ቃል የሚይዘው በሥዕል ነው ተብሎ ተነግሯቸዋል፤ ሥዕሉን የሚሰጣቸው ሰው ግን አልተገኘም። ራሳቸው ሰሌዳ ላይ አንድ በሬ ሞክረው ነበር፣ በሬውን ያየ ልጅ ሁሉ ስላለቀሰ ሁለተኛ አልሞከሩም። በኋላ መላ መጣላቸው። ሥዕል የማጣመሩ ጨዋታ ሁለት ቁርጥ አንድ ዓይነት ሥዕል ይፈልጋል፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ሁለት አንድ ዓይነት ሥዕል በየቤቱ የሚገኘው ከዕቃ መጠቅለያ ላይ ነው። ስለዚህ የሳሙና ልባስ፣ የሻይ ቅጠል ወረቀት፣ የክብሪት ቀፎ፣ የቲማቲም ቆርቆሮ ዙሪያ የተለጠፈው ሁሉ እንዳይጣል ለሰፈሩ አስነገሩ። ሥዕሉን ይቆርጡና በዱቄት ሙጫ ካርቶን ላይ ይለጥፉታል። ሙጫው ሲደርቅ ካርዱ ለመላስ ይጣፍጥ ስለነበር አንዳንዱ እንስሳ እግሩን ያጣው በእኛ ምላስ ነው።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ በሙሉ መንታ ፈላጊ ሆነ ብላችሁ አታጋነኚ እንዳትሉኝ። ሴቶች ሰልፍ ላይ ቆመው «እኔ ዘንድ አንዲት መርከብ አለች፣ ሌላዋ ከማን ቤት ትገኝ ይሆን» ይባባሉ ነበር።

የጨዋታው ደንብ እንዲህ ነው። ካርዶቹ ሰሌን ላይ በጀርባቸው ይደረደራሉ። ተረኛው ሁለት ይገልጣል፤ ሁለቱ ከተመሳሰሉ «መንታ!» ብሎ ያነሳና ስማቸውን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ እኛም ተቀብለን እንደግማለን። ስሙን ካላወቀና የሚያውቅለት ልጅም ከጠፋ ግን ካርዱ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። በዚህ ላይ እትዬ ብርቄ ድርድር አያውቁም። ስሙን የማያውቁትን ነገር ይዘው ቤት አይገቡም፣ አለቀ። እንዲህ እያልን ዓይተነው የማናውቀውን ሁሉ በስሙ ጠራነው። ማንኛችንም ባሕር ሳናይ መልህቅ እናውቅ ነበር። አጠገቤ የሚቀመጠው ታምራት የሚባል ቀዥቃዣ ልጅ እናቱ ሳሙና ግዛ ብላ ብትልከው ኅብረት ሱቅ ሄዶ «ግመል ስጡኝ» ብሎ ሰልፉን አስቆ መጥቷል። ሐሙስ ሐሙስ ወደ ሸጎሌ የከብት ገበያ የሚነዱ ከብቶች በአጥራችን ሥር ሲያልፉ ደግሞ እትዬ ብርቄ በሩን ወለል አድርገው ይከፍቱና፣ የበሬውን ካርድ ከፍ አድርገን ይዘን እውነተኛውን በሬ «መንታ!» እያልን ስንጮህ ነጂዎቹ ያበድን ይመስላቸው ነበር።

ይኸው ታምራት «ጆሮ» ብሎ ነው የሚጠራኝ። ጆሮዬ ግራና ቀኝ ወጣ ወጣ ያለ ነው፣ አሁንም ያው ነው፣ የት ይሄዳል። እናቴ በየጠዋቱ ጸጉሬን ወደ ታች እየሳበች በጆሮዬ ላይ ትጎነጉነውና እሱም አልበቃ ብሎ ሻሽ ታስርበታለች። ቀና ብዬ ሳያት ፊቷን ታዞራለች። በልጅነት ልቤ የደረስኩበት መደምደሚያ እናቴ በጆሮዬ ታፍራለች የሚል ነበር፤ ይኼንንም ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ ቀን እትዬ ብርቄ እንስሳውና ዕቃው ይብቃን፣ አሁን የቤተሰብ ቃላት እንማራለን አሉ። መንታ ሥዕሉ ከየት ይመጣል ያላችሁ እንደሆነ፣ በዚያ ዓመት የቀበሌ መታወቂያ እየታደሰ ስለነበር አዋቂ የተባለ ሁሉ ዊንጌት በር ላይ ባለ ጥቁር ጨርቅ ካሜራ ከሚያነሳው ሰውዬ ዘንድ ጉርድ ፎቶ ተነስቶ ነበር። አራት ፍሬ ይሰጣል፤ ሁለቱ ቀበሌ ይገባል፣ ሁለቱ ቤት ይቀራል። እኛም ስንመዘገብ ተነስተናል። የእኔን ሲያነሳ ሰውዬው ጉርድ ላይ ጆሮ መታየት አለበት ብሎ ሻሼን አስወልቆ፣ ጉንጉኔንም ወደ ኋላ አስይዞ፣ እናቴ ፈንጠር ብላ እስኪያልቅ ቆማ ነበር። እትዬ ብርቄ የእኛን ከመዝገቡ አውጥተው፣ የእናታችሁን ሁለት፣ የአባታችሁን ሁለት አምጡ አሉን።

እኔ አባት አልነበረኝም። ማለቴ፣ ነበረኝ፤ ግን ቤታችን ውስጥ ወሬው አልነበረም። ግድግዳው ላይ ምንም ያልተሰቀለባት አንዲት ምስማር ነበረች፣ እናቴ ስታጸዳ አቧራዋን ትጠርጋታለች፣ አትነቅላትም። አባቴ የት ነው ስላት «ሄዷል» ትላለች፣ በቃ። ማተሚያ ቤት ሠራተኛ እንደነበረ፣ እኔ ገና ጡት ሳልጥል አንድ ጠዋት ለጥያቄ ትፈለጋለህ ተብሎ እንደወጣና በዚያው እንደቀረ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ፎቶ አምጡ ተባልን ስላት የራሷን ሁለት ፍሬ ሰጠችኝና «የአባት የለንም በያቸው» አለችኝ። እኔም እንደተባልኩት አልኩ። እትዬ ብርቄ ራሴን ዳበስ አድርገው አለፉኝ።

ጨዋታው ሲጀመር ነው ጉዱ የመጣው። የራሱን አባት መንታ ያገኘ ልጅ «አባዬ!» ብሎ ይጮሃል፣ ሌላው ሰው ካገኘው «የእገሌ አባት» ብቻ ነው የሚለው። ታምራት አባቱን ባገኘ ጊዜ ድምፁ ኅብረት ሱቅ ድረስ ተሰማ። እኔ ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ከሁሉም ጋር ተቀብዬ እደግመዋለሁ፤ ግን የራሴ ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አውጥቼው አላውቅም። እንዲህ ያለ ምኞት ዛሬ ለሰው ሲነገር ቀላል ይመስላል። ያኔ ግን ሌላ የምመኘው ነገር አልነበረኝም፣ ምግብ አልበላ አለኝ፣ ሌሊት ሌሊት ሰሌኑ በሕልሜ ይመጣብኛል።

መጠቅለያ የሚያጠራቅሙልን ባለሱቅ ጋሽ ከድር ነበሩ። ከስልጤ የመጡ፣ ፂማቸው አጠር ያለች፣ ለሁሉም ልጅ ስም የሚያወጡ ሰው ናቸው። ሱቃቸው ቢበዛ አንድ አልጋ ታክላለች፣ ከባንኮኒው በላይ ፍሬሟ የተላላጠ መስታወት ተሰቅላ አላፊ አግዳሚው ፊቱን ያይባታል፤ ሲጋራ ሊገዙ የሚመጡት አብዮት ጠባቂዎች ሳይቀሩ ቆባቸውን የሚያስተካክሉት በሷ ነው። የጎደለን መንታ ሲኖር እሳቸው ዘንድ ሄዶ መጠየቅ ልማዳችን ነው፤ አንበሳ አለ፣ ዶሮ አለ፣ እንላለን፣ እሳቸውም ከካርቶናቸው ፈልገው ይሰጡናል። እኔም በዚያው ልማድ ሄጄ ባንኮኒው ላይ ተንጠላጥዬ ጠየቅኋቸው።

«ጋሽ ከድር፣ አባት አለዎት? አንድም ቢሆን።»

ስኳር እየመዘኑ ነበር። ሚዛኑን አስቀመጡና «የለም፣ ሚሚ» አሉኝ። ከረሜላ ሰጡኝ፣ ሳልጠይቅ። እኔ ከረሜላውን እየመጠጥኩ ሄድኩ፣ እሳቸው ግን ሱቃቸውን በጠራራ ፀሐይ ዘግተው ቤታችን እንደሄዱ እናቴ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የነገረችኝ።

አጥሩ ጋ ቆመው ሳል ሳል አደረጉ፤ ግቡ ብትላቸው አልገቡም። ያኔ ፎቶ የተነሳ ሰው ከፍሬዎቹ አንዷን ለወዳጁ «መታሰቢያ ትሁንህ» ብሎ መስጠት ደንብ ነበር፤ አባቴም ከሥራ ሲመለስ በየቀኑ ጋሽ ከድር ሱቅ ደጃፍ ጋዜጣ ያነብላቸው ነበርና አንዷን ለእሳቸው ሰጥቷል። እናቴ ቤት ውስጥ የነበሩትን ሁሉ በአሰሳው ሰሞን እሳት ውስጥ ከታቸዋለች፣ የግድግዳውን ትልቁንም ጭምር። ፎቶው የተገኘበት ቤት ምን እንደሚገጥመው ማንም ያውቅ ነበር። ጋሽ ከድር ግን አላቃጠሉም። መስታወቷን ከፍሬሟ አላቀው ከጀርባዋ ከተውት፣ እነዚያ ሰዎች ዓመታቱን ሁሉ ቆባቸውን ሲያስተካክሉ አባቴ ከመስታወቱ ጀርባ ነበር።

«ልጅቷ ዛሬ መጥታ ጠየቀችኝ» አሏት። «የለም ብዬ መለስኳት። ሁለተኛ ብትመጣ የለም ማለት አልችልም፣ የሚሚ እናት። ከፈለግሽ ያው፣ ካልፈለግሽም ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ።»

እናቴ ተቀበለቻቸው። ሦስት ቀን ጡቷ ሥር ይዛው ዋለች፣ ላሳድረው አላሳድረው እያለች ከራሷ ጋር ስትሟገት፣ ለእኔ ልታሳየኝ አፏን ከፍታ እየዘጋችው። መዋዕለ ሕፃናቱ ያለው ቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው፤ አባቴን የጠሩት ሰዎች ቢሯቸው እዚያው ነው። ሕፃን ደግሞ ያየውን ይናገራል። በአራተኛው ቀን ጠዋት የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ እኔን ክፍል ካስገባችኝ በኋላ እትዬ ብርቄን ወደ ጎን ጠርታ ፎቶውን በእጃቸው አስጨበጠቻቸው።

«መንታ የለውም» አለቻቸው። «መንታውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ማን እንደሆነም አልነገርኳትም፣ አፌ እምቢ አለኝ። ከካርዶቹ ጋር ይቀላቅሉልኝ፤ ካወቀችው የሷ ይሁን። ካላወቀችው ይመልሱልኝና እደብቀዋለሁ።»

እትዬ ብርቄ ካርቶን ቆርጠው መጡ። ለጠፉትና ሙጫው ሳይደርቅ ሰሌኑ ላይ ደባለቁት።

የታምራት ተራ ነበር። መጀመሪያ የገለጠው አንድ የማናውቀውን ሰውዬ ነው፣ ኮሌታው ክፍት፣ ሊስቅ ሲል ፎቶው የቀደመው ዓይነት ፊት። ሁለተኛ የገለጠው እኔን ሆነ። መመለስ ነበረበት፣ ሁለቱ አንድ አይደሉምና። እሱ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ እያየ ቀረና «መንታ!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ ተንጫጫ። አንዷ ልጅ እንዴ፣ አንዱ እኮ ሰውዬ ነው አለች፤ ሌላው ታምራት አጭበረበረ አለ።

«ጆሮውን እዩ» አለ ታምራት። «የሚሚ ጆሮ ነው።»

ሁሉም ሰሌኑ ላይ ተደፍተው አዩ፣ ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እትዬ ብርቄ የተሳሳተ ጥምር አይተው ሳያርሙ ሲቀሩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በዚያ ወፍራም ድምፃቸው፣ ግን ዝቅ አድርገው፣ ታምራትን «ስሙ ማነው?» አሉት። አያውቅም። ደግመው ሁላችንንም ጠየቁ። የሚያውቅለት ጠፋ። ደንቡ ደንብ ነውና ታምራት ካርዱን ወደ ሣጥኑ ሊመልስ እጁን ዘረጋ።

ያን ጊዜ ነው እኔ ሻሼ ሥር እጄን ሰድጄ ጆሮዬን የያዝኩት። ማን እንደነገረኝ አላውቅም፤ ማንም አልነገረኝም። እናቴ ለምን እንደምትሸፍነኝ፣ ለምን ፊቷን እንደምታዞር፣ ምስማሯን ለምን እንደማትነቅላት፣ በልጅ አእምሮ ተራ በተራ ሳይሆን ባንድ ጊዜ ገባኝ።

«አባዬ» አልኩ። መጀመሪያ ቀስ ብዬ ነው ያልኩት፣ ከዚያ እትዬ ብርቄ «አልተሰማም» ሲሉኝ የቻልኩትን ያህል ጮህኩ፣ ልጆቹም እንደ ደንቡ ተቀብለው ቆርቆሮውን አናጉት። አብዮት ጠባቂው በሩን ከፍቶ ብቅ አለ። ምን ሆናችሁ ነው የምትጮሁት አለ። እትዬ ብርቄ በካርዱ ላይ ቀሚሳቸውን ጣል አድርገው ተቀምጠው «ቃል እየተማርን ነው» አሉት፣ እሱም ሄደ። በተከፈተው በር በኩል እናቴን አየኋት፤ ወደ ሥራዋ አልሄደችም፣ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር።

በማግሥቱ ጸጉሬን ስትሠራኝ ወደ ላይ ጎነጎነችው። ታምራት ጆሮ ማለቱን አልተወም፣ እኔ ግን መናደዴን ተውኩ።

ዛሬ ያ ክፍል የለም፣ አዳራሹም የለም፤ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል፣ ሥሩ ስልክ ይጠገናል። እትዬ ብርቄም፣ ጋሽ ከድርም፣ እናቴም አልፈዋል፣ መስታወቷም ማን እንደወሰዳት አላውቅም፣ ሳልጠይቅ መቅረቴ ይቆጨኛል። ሁለት ተመሳሳይ ሥዕል ለማግኘት ሰፈር ሙሉ ሰው ቤቱን የሚፈትሽበት ጊዜም አልፏል፤ ቤቲ መንታው ቢጠፋባት እናቷ ሌላ ሣጥን ትገዛላታለች። ካርዱ ግን አለ። ጠርዙን በረሮ በልቶታል፣ ዱቄት ነውና አልፈርድበትም።

ያን ቀን ሳሙናውን ትቼ ቁም ሣጥን ውስጥ ካለው ቦታው አወጣሁትና ምንጣፉ ላይ፣ ከፔንግዊኑ አጠገብ አስቀመጥኩላት። ቤቲ አነሳችው፣ አሸተተችው፣ ፊቱን በደንብ አየችውና ቀና አለች።

«ልጅሽ ነው?» አለችኝ።

ልስቅ ብዬ አልሆነልኝም። እውነቷን ነው። ያኔ ታምራት ያጣመረን ሁለት ፊቶች ዛሬ አንጣመርም፤ እሱ ሠላሳ ሳይሞላው እዚያው ቀረ፣ እኔ ጥዬው መጣሁ፣ ሸበትኩ፣ አገጬ ወረደ፣ ሰው ጎን ለጎን ቢያየን እናቱ እመስላለሁ።

«አባዬ ነው» አልኳት። ቃሉን ከዚያ ክፍል ወጥቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ ያልኩበትን ቀን አላስታውስም፣ ለማን ብዬ እለዋለሁ። ቤቲ ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ተነስታ ጭኔ ላይ ወጣችና ሻሼን ከጆሮዬ ላይ ገለጥ አደረገችው።